ምዕራፍ አምስት፦ የሚያርመኝ ማን ነው?

በሜልበርን አዲስ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሁለት ዓይነት ምክር ሰምቶ ነው ክፍል የሚገባው። ከዩኒቨርሲቲ ይዞት የመጣው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ አእምሮ አዲስ ነገር እንዴት እንደሚቀበል፣ ትምህርት በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀርብ፣ ፈተና ምን መለካት እንዳለበት። ከነባር መምህራን አፍ የሚሰማው አጠር ያለ ነው፤ መጀመሪያ ልጆቹን ቅረባቸው፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያያቸው እንደ ሚዛን ሳህኖች ነው፤ በአንዱ ሲጨመር ሌላው የሚቀል። ጥሩ መምህርም ከዚህም ከዚያም ቆንጠር አድርጎ መሃሉን ያገኘ ሰው ይመስላቸዋል። ይህ አስተሳሰብ ብዙ መምህራንን አሳስቷል ብዬ አምናለሁ። በጉርምስና ዕድሜ ላለ ልጅ መምህሩን ማመንና ትምህርቱን መቀበል የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ የሠራው ሥራ የሚታረምበት ቦታ። ምን እንደሚታረም የሚነግረን ንድፈ ሐሳቡ ነው። እርማቱ ልጁ ጆሮ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚሰማ የሚነግረን ደግሞ ልጁን ማወቃችን ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላው በእጥፍ ቢጨመርም ጉድለቱን አይሞላውም።

የአውስትራሊያ መምህራን የሚመዘኑባቸው መስፈርቶች ይህን በመጠኑ የተረዱ ይመስላሉ። መቀመጫውን ሜልበርን ያደረገው የአውስትራሊያ የማስተማርና የትምህርት ቤት አመራር ኢንስቲትዩት በ2011 ያወጣቸው መስፈርቶች ሰባት ናቸው። የመጀመሪያው መምህሩ ተማሪዎቹን እንዲያውቅና እንዴት እንደሚማሩም እንዲያውቅ ይጠይቃል፤ ልጁና የመማር ሳይንሱ በአንድ መስፈርት ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚያስተምረውን የትምህርት ዓይነት ማወቅ በሁለተኛነት ይመጣል። በተግባር ግን ክርክሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። በ2024 ሜልበርን የምትገኝበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ደረጃ በደረጃ ወደሚብራራ፣ መምህሩ አሳይቶ፣ አብሮ ሠርቶ፣ ከዚያ ተማሪው ለብቻው እንዲሠራ ወደሚለቅበት ቀጥተኛ አስተምህሮ እንዲሄዱ ሲወስን ደጋፊዎቹ «በመጨረሻ ሳይንስ አሸነፈ» አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ መምህሩን ማሽን ልታደርጉት ነው ሲሉ ሰጉ። ሁለቱም ወገኖች ዘዴውንና ቅርርቡን ተቀናቃኝ አድርገው ነው የተነሡት።

መረጃው ግን እንዲህ አይከፈልም። ከ2011 ጀምሮ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ጆን ሃቲ በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ800 የሚበልጡ የጥናት ጥንቅሮችን ሰብስበው፣ በትምህርት ውጤት ላይ ተጽዕኖ አላቸው የሚባሉ 138 ነገሮችን በደረጃ አስቀመጡ። የተጽዕኖውን መጠን በሚለካው ቁጥር ትኩረት የሚገባው ብለው የወሰኑት መነሻ 0.40 ሲሆን የመምህርና የተማሪ ግንኙነት 0.72 አገኘ። ይህች ቁጥር በየመምህራን ሥልጠናው ትጠቀሳለች፤ «ቅርርብ ከዘዴ ይበልጣል» ለሚሉም ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። ቁጥሯ የመጣችበትን ጥናት ከፍቶ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ዋናው ምንጭ ጄፍሪ ኮርኒሊየስ ዋይት በ2007 ያወጡት ጥንቅር ነው፤ እሳቸው «ግንኙነት» ብለው ከቆጠሯቸው ነገሮች መካከል ርኅራኄና ሞቅ ያለ አቀራረብ ብቻ ሳይሆን ተማሪው እንዲያስብ መገፋፋትም አለበት። ልጅን «ይህ መልስህ ለምን ትክክል ሆነ? አስረዳኝ» ብሎ መጠየቅ በዚያ ጥናት ውስጥ የቅርርብ አንዱ መልክ ሆኖ ተቆጥሯል። ስለዚህ ከዘዴ የሚበልጥ ቅርርብ ተገኘ ማለት አይቻልም፤ የተገኘው ዘዴን በውስጡ የያዘ ቅርርብ ነው።

እዚህ ላይ ጥርጣሬ ያለው አንባቢ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። ጎበዝ ተማሪ በመምህሩ ይወደዳል፣ የተወደደም ተማሪ መምህሬ ጥሩ ነው ይላል። ታዲያ ውጤቱ ቅርርቡን አመጣው እንጂ ቅርርቡ ውጤቱን አመጣው የሚያሰኘን ምንድን ነው? ጥያቄው ትክክል ነው፤ በዚህ መስክ የተሠሩ አብዛኞቹ ጥናቶች ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ብቻ የሚያሳዩ በመሆናቸው መልስ የላቸውም። ተመራማሪዋ ሮርዳና ባልደረቦቿ በ2011 ወደ 100 የሚጠጉ ጥናቶችን ሲያጠናቅሩ ግንኙነቱ ከተማሪው ተሳትፎ ጋር በደንብ፣ ከውጤቱ ጋር ግን በመጠኑ ብቻ ተያይዞ አገኙት። ጥሩ ግንኙነት ከተሳትፎና ከውጤት ጋር ያለው ትስስር በከፍተኛ ክፍሎች ጠንከር ማለቱን ግን ልብ ይሏል፤ ልጅ ካደገ በኋላ መምህር አያስፈልገውም የሚለውን ግምት ይቃረናልና።

ምክንያትና ውጤትን የሚለየው ሙከራ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት 44 የአሜሪካ ሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለሚያደንቁት ሰው ድርሰት ጻፉ። መምህራኑ ሁሉንም እንደ ወትሮው አርመው በኅዳጉ ላይ አስተያየት ሰጡ። ወረቀቱ ከመመለሱ በፊት ግን በዕጣ እየተለየ አንዲት አጭር ማስታወሻ ተያያዘበት። በግማሾቹ ላይ የተጻፈው አስተያየቱ የተሰጠው ስለ ሥራቸው እንዲያውቁ መሆኑን ብቻ ይናገራል። በቀሪዎቹ ላይ የተጻፈው፣ አስተያየቱ የተሰጠው መምህሩ የሚጠብቀው ነገር ከፍ ያለ ስለሆነና ተማሪው እንደሚደርስበት ስለሚያምን ነው ይላል። ማን የትኛውን እንዳገኘ መምህሩ አያውቅም። ከጥቁር ተማሪዎች መካከል ተራውን ማስታወሻ ካገኙት 17 በመቶው ብቻ ድርሰቱን አሻሽለው መለሱ፤ ሁለተኛውን ካገኙት 72 በመቶው። ከነጭ ተማሪዎች መካከልም ለውጥ ነበር፤ ያነሰ እንጂ። ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ወረቀት ላይ የተለጠፈች ዐረፍተ ነገር ሁሉን ትፈታለች ብሎ የሚነሣ ካለ ይሳሳታል። እኔን የሚስበኝ የማስታወሻዋ አሠራር ነው። እርማቱ አንድ ነው፤ ቀይ መስመሮቹም አንድ ናቸው። የተለወጠው ልጁ በውስጡ ለሚያነሣው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ብቻ ነው። ይህ ሰው የሚያርመኝ ስለናቀኝ ነው ወይስ ስላመነብኝ? በትምህርት ቤት ውስጥ እንደሚናቅ የሚጠረጥርበት ምክንያት ያለው ልጅ ይህን ጥያቄ ከሌላው አብልጦ ይጠይቃል፤ መልሱም የበለጠ ይጠቅመዋል።

ጥያቄው ለምን በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይከርራል? ተመራማሪዎቹ ጋርድነርና ስታይንበርግ በ2005 ባሳተሙት ሙከራ በኮምፒውተር የመኪና መንዳት ጨዋታ ላይ ታዳጊዎች ለብቻቸው ሲሆኑና ጓደኞቻቸው ሲያዩአቸው የሚወስዱት አደጋ እጅግ ይለያይ ነበር፤ አዋቂዎቹ ግን ታዩም አልታዩም ያው ናቸው። የጓደኛ ዓይን ለ14 ዓመት ልጅ የሁኔታው አካል ነው። በክፍል መሃል «ይህን እስካሁን አታውቅም?» የተባለ ልጅ የሰማው የሒሳብ እርማት አይደለም፤ በሃያ አራት እኩዮቹ ፊት የተሰጠ ፍርድ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃክሊን ኤክልስ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያሳየችው አለ፤ ልጆች ከቤተሰብ ውጭ የሚያምኑት አዋቂ በሚፈልጉበት ዕድሜ ትምህርት ቤቱ ያን አዋቂ ይነጥቃቸዋል። የቪክቶሪያ ልጅ እስከ ስድስተኛ ክፍል ቀኑን ሙሉ አብራው የምትውል አንዲት መምህርት አለችው። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ለየትምህርቱ የተለያየ መምህር ይመጣበታል፤ ደወል ሲደወልም ይቀያየሩበታል። በአንድ በጋ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የሌለበት ትልቅ ግቢ ይገጥመዋል።

እስካሁን ያልኩት ለቅርርብ የሚያደላ ይመስላል፤ ስለዚህ ወደ ሌላው ስሕተት ልሻገር፤ ከኢትዮጵያ በመጣን ቤተሰቦች ልጆች ላይ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ይመስለኛልና። በቪክቶሪያ ከውጭ አገር አዲስ የመጣ ታዳጊ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ እንደ ኖብል ፓርክ ባለ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ቤት ከሁለት እስከ አራት ተርም ይቆያል። ከዚያ በዕድሜው ልክ ወደ መደበኛው ክፍል ይገባል። በዓመቱ ቋንቋው ይፈታል፤ በባቡር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀልድ፣ ስለ ኳስ ሲከራከር የሰማ ሰው እዚሁ የተወለደ ይመስለዋል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጂም ከሚንስ ከ1979 ጀምሮ የጻፋቸው ሥራዎች የሚያስጠነቅቁት እዚህ ላይ ነው፤ የመግባቢያ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ሲፈታ የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። የ15 ዓመቱ ልጅ «ምን ሆነ?» የሚለውን ሳያንገራግር ይመልሳል፤ «የኢንዱስትሪ አብዮቱ በከተሞች መስፋፋት ላይ የነበረውን ሚና ገምግም» ሲባል ግን የሚይዘው የሚጨብጠው የለውም። ይህን ንድፈ ሐሳብ የማያውቅ፣ ልጁን ግን ከልቡ የሚወድ መምህር ምን ይላል? ወሬው ጥሩ ስለሆነ ችግሩ ስንፍና ነው ብሎ ያዝናል። አለበለዚያ ብዙ መከራ ያየ ልጅ ነው ብሎ ይራራለትና ከድርሰት ይልቅ ፖስተር እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ልጁ መምህሩን ይወዳል፤ ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። 12ኛ ክፍል ሲደርስ ግን በቪክቶሪያው የማጠናቀቂያ ፈተና ላይ ረጅም ጽሑፍ ይጠየቃል፤ ፈታኙም አያውቀውም። ልጁ ያንን ጽሑፍ ተምሮት አያውቅም።

በሜልበርን ሰፈሮች፣ በፍሌሚንግተንና በካርልተን የመንግሥት መኖሪያ ፎቆች ሥር፣ በፉትስክሬይና በሰንሻይን በሚገኙ የቤት ሥራ ክበባትም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። በጎ ፈቃደኞቹ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ልጆቹም እንደ ታላቅ ወንድምና እህት ያዩዋቸዋል። ትምህርት ቤቱ ሊሰጥ የማይችለው ቅርርብ እዚያ አለ። በዚያው ልክ ፈተናውም አለ፤ ነገ የሚረከብ ድርሰት ይዞ የተጨነቀን ልጅ የሚወድ ሰው ዐረፍተ ነገሩን ራሱ ይጽፍለታል። የመልቲከልቸራል ወጣቶች ማዕከል ለእነዚህ ክበባት ድጋፍና ሥልጠና መስጠቱ ከንቱ አይደለም። አስጠኚው ልጁ ራሱ እንዲጽፈው ዐረፍተ ነገሩን በቃሉ እንዲያስረዳ መጠየቅን ካልተለማመደ ደግነቱ የልጁን ሥራ ይወስድበታል።

ንድፈ ሐሳቡም ቢሆን ልጁን የሚያውቅ ሰው ካልያዘው ዒላማውን ይስታል። የሲድኒው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ስዌለር ከ1988 ጀምሮ ያስፋፋው ሐሳብ በአጭሩ፣ አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አዲስ ነገር ጥቂት ስለሆነ አታጨናንቀው የሚል ነው። ጥሩ፤ ግን ለዚህ ልጅ አዲሱ የትኛው ነው? አዲስ አበባ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረች ልጅ ክፍልፋይ መደመር ትችል ይሆናል፤ ጥያቄው በሦስት መስመር እንግሊዝኛ ተጠቅልሎ ስለ ፒዛና ስለ ዶላር ሲመጣ ነው የምትቆመው። ስደት ላይ ሁለት ዓመት ከትምህርት ገበታ የተለየው ጎረቤቷ ደግሞ ቋንቋውን ቢያገኝም ክፍልፋዩን አያውቀውም። ሁለቱም በፈተናው ከአሥር ሦስት ያመጣሉ። ለሁለቱም ክፍልፋይን ከሥሩ የሚያስተምር መምህር ለአንደኛዋ ንቀት የሚመስል ነገር፣ ለሌላው ደግሞ መድኃኒት ይሰጣል። የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ «እስቲ በራስሽ ቋንቋ ሠርተሽ አሳዪኝ።» ይህ ጥያቄ ቅርርብ ነው ወይስ ዘዴ? እኔ መለየት አልችልም።

ሰው የሌለበት ዘዴ ምን እንደሚመስል በሰፊው የታየው ከኢትዮጵያ በላይ የት ነው? ከ2004 ጀምሮ የአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ገባላቸው። ከደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የስክሪኑ ነው፤ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ዓላማው መናቅ የለበትም፤ ብቁ መምህር ለሌለው የገጠር ትምህርት ቤትም የአዲስ አበባው ያየውን ቤተ ሙከራ ማሳየት ትልቅ ነገር ነበር። ግን ስክሪኑ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ መልሱን ራሱ ይናገራል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ፍጥነቱም የማንንም ፊት አይቶ አይቀንስም። የቀረበው ይዘት ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር፤ የጎደለው የአንድን ልጅ ስሕተት አይቶ የሚያርም ሰው ነው። በመጨረሻ ብዙ መምህራን ድምፁን ቀንሰው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ እያብራሩ ማለፍ የጀመሩት ከስንፍና አልነበረም።

አሁን በሜልበርን ወላጆች ዘንድ ወደሚደመጠው ተቃውሞ ልምጣ። «እኛ መምህር ፈርተን ነው የተማርነው፤ ማን ቀረበን? ታዲያ ሰው አልሆንንም?» የሚል ነው። በጥሞና ሊመለስ ይገባዋል። አንደኛ፣ ፈርቶ የተማረው ሲናገር ፈርቶ ያቋረጠው እዚያ የለም፤ ምስክር የሚሆነው የቀረው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ፍርሃቱ ያስተማረ የመሰለን ከሌላ ነገር ጋር አብሮ ስለነበረ ነው። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ተመልከቱ። ከሩቅ ያየ ሰው አርጩሜና ዝምታ ያያል፤ ቀረብ ያለ የሚያየው ግን የኔታና ተማሪው ፊት ለፊት መሆናቸውን ነው። ጀማሪው ከሁሉ አጭር ከሆነው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የቅኔ ቆጠራውን ለብቻው ጨርሶ ያዘጋጃትን ሁለት ቤት ይዞ የኔታ ዘንድ ይቀርብና በቃሉ ይነግራል። እሳቸው ይሰማሉ፤ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልተሸሸገ፣ ሰዋስው ከተሳሳተ እዚያው ያርሙታል፤ ተማሪው እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ከሁለት መስመር ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደሚረዝሙት የሚሸጋገረው የቀደመውን ሲችል ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ በደረጃ ማስተማር፣ ፈጣን ግብረ መልስ፣ ለልጁ አቅም የሚመጥን ፈተና የሚሏቸው ነገሮች ሁሉ እዚያ ነበሩ። የኔታ ልጁን ያውቁታል፤ ከየት አገር እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ምሥጢር እንደሚቀናው፣ የት ላይ እንደሚሰንፍ። ዓመታት አብረው ኖረዋልና። ያን ዕውቀት ቀንሶ አርጩሜውን ብቻ ወደ ፉትስክሬይ ሳሎን ያመጣ አባት የሥርዓቱን ግማሽ፣ ያውም ደካማውን ግማሽ ነው ያመጣው። አርጩሜው ጠቃሚ ነበር አላልኩም፤ ጠቃሚ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ምን እንደዘነጋ ለማሳየት ነው ያነሣሁት።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚህች ከተማ ታሪክ ነው። የቪክቶሪያ ፓርላማ በተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ ስለደረሰ ጥቃት በ2013 ያወጣው ሪፖርት፣ ከዚያም በ2017 የተጠናቀቀው የፌዴራል ሮያል ኮሚሽን ምርመራ፣ አዋቂዎች የልጆችን አመኔታ እንዴት እንዳጎሳቆሉና ተቋማት እንዴት እንደሸፈኑላቸው በዝርዝር አሳይተዋል። የመምህራን የሥነ ምግባር ደንብ የጠበቀው፣ የሕፃናት ደኅንነት መስፈርቶች የጸኑት፣ ከተማሪ ጋር በግል ስልክ መልእክት መለዋወጥ በክፉ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ «ቅርርብ» ሲባል የሚጠነቀቅ መምህር ትክክል ነው። ግን ደንቦቹ የሚከለክሉት ከትምህርቱ ውጭ የሚበቅለውን፣ በስውር የሚደረገውን፣ አዋቂው ለራሱ የሚፈልገውን ቅርርብ ነው። እኔ የምከራከርለት ቅርርብ በክፍል ውስጥ፣ በሌሎች ዓይን ፊት፣ በልጁ ደብተር ላይ የሚደረግ ነው። መምህር ልጁ ቤት ውስጥ ስላለው ችግር ሁሉ ማወቅ የለበትም፤ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ለምን ሐሳቡ እንደሚቆረጥበት ማወቅ አለበት። የልጅ ጓደኛ ለመሆን የሚጥር መምህር ድንበሩን ብቻ አይደለም የሚያደበዝዘው፤ ጓደኛ አያርምምና ሥራውንም ይተዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጊዜ ነው። አምስት ክፍል፣ በእያንዳንዱ 25 ልጅ ያለው መምህር 125 ተማሪ አለው። ለእያንዳንዱ በሳምንት አሥር ደቂቃ ይስጥ ቢባል ከ20 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ማስተማሩ ገና ሳይጀመር። ስለዚህ «ልጆቻችሁን እወቁ» እያለ የክፍሉን ቁጥርና የስብሰባውን ብዛት የማይነካ አስተዳደር መምህራኑን እየሸነገለ ነው። የመምህራን ማኅበሩ ስለ ሥራ ጫና ሲጮህ ስለ ደመወዝ ብቻ እየጮኸ የሚመስላቸው ወላጆች ይህን ሒሳብ ቢሠሩት ጥሩ ነው። ሆኖም በእጅ ባለው ጊዜ ውስጥም ምርጫ አለ። አንድ መምህር የ25 ልጆችን ድርሰት ከላይ እስከ ታች በቀይ ከሚሞላ የእያንዳንዱን አንድ አንቀጽ ብቻ መርጦ፣ አንድ ነገር አርሞ፣ ልጁ በማግሥቱ ያንኑ አንቀጽ እንዲጽፈው ቢያደርግና ለውጡን አይቶ ቢናገር፣ ሰዓቱ አይጨምርም። ልጁ ግን ሥራው እንደተነበበ፣ አንባቢውም ተመልሶ እንዳየው ያውቃል። ስለ ኳስ ቡድኑ ከመጠየቅ ይልቅ ይህ የበለጠ ያቀራርባል ብዬ ብናገር ማጋነን አይመስለኝም፤ ስለ ኳሱ መጠየቁም ክፋት የለውም።

ወላጆችም እዚህ ቦታ አላቸው። በወላጅና መምህር ቀጠሮ ምሽት ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው፤ እናት ተቀምጣለች፣ መምህሩ ይናገራል፣ መሃል ላይ የተቀመጠው ልጅ ስለ ራሱ የተባለውን ያስተረጉማል። «ከሚችለው በታች እየሠራ ነው፣ ጽሑፉ ላይ እገዛ ያስፈልገዋል» የተባለው በአማርኛ «ጎበዝ ነው ይላል» ሆኖ ይወጣል። ልጁን አትውቀሱት፤ ማንም በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንዲያ ነው የሚያስተረጉመው። ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ መያዝ ይችላሉ፤ ወላጅ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ሲገናኙም «ልጄ ባሕርዩ እንዴት ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት የሚቀድም አለ። የመጨረሻውን የጻፈውን አሳዩኝ፤ ምን ላይ አረማችሁት፣ ካረማችሁት በኋላስ ምን ለወጠ? መልስ ያለው መምህር ልጁንም ሥራውንም ያውቃል። መልስ የሌለው ደግሞ ምናልባት በጣም ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወላጅ ግን በሚቀጥለው ተርም ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ ሊጠይቀው ይገባል።